አንዲት ያማረች ዓረፍተ ነገር

ፖስታው ማርጎት ኬስለር ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነው። የካርሰን ፎርክ ከተማን የፖስታ ማኅተም ገና ከሩቅ ስታየው ልቧ ዘለለ፤ ሃርላን ጻፈልኝ ብላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶባት ስለነበር ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። አንስታ ስታገላብጠው ግን የእጅ ጽሑፉ የሱ አልነበረም። ሃርላን ዱብሬይ የሚጽፈው በእርሳስ ነው፤ ፊደሎቹም ይጋፋሉ። ይሄኛው በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀጥ ብሎ የተጻፈ የሴት ጽሑፍ ነው። ገና ሳትከፍተው ፈራች።

ማርጎት በዴንቨር ከተማ ጋዜጣ ላይ የፊልም ሂስ የምትጽፍ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። የዳኛ ልጅ ናት፤ ያደገችው አንድ እራት በሦስት ዓይነት ሹካ በሚበላበት ቤት ነው። ሃርላን ደግሞ ከሰሜን ዋዮሚንግ፣ ፈረስ ከሚገራ ቤተሰብ የወጣ፣ በየሮዲዮው ያልተገራ ፈረስ ላይ ስምንት ሰከንድ ለመቆየት አጥንቱን ሲያሰብር የኖረ ሰው ነው። ያገናኛቸው ፊልም ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ «ከአጥሩ ማዶ» የሚባለው የሮዲዮ ፊልም ካርሰን ፎርክ ውስጥ ሲቀረጽ ጋዜጣው እሷን ላካት። ዋናው ተዋናይ መልኩ ያማረ ነበር፤ ፈረስ ላይ ሲወጣ ግን ከጆንያ አይሻልም። ስለዚህ ፈረሱ መዝለል በጀመረ ቁጥር ከባርኔጣው ሥር ያለው ሰው ሃርላን ነበር። አንድ ቀን አቧራውን እያራገፈ ሲመለስ ከማርጎት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አትፈራም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ፈረሷን ጠይቂያት ብሎ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አልተቋረጠም። እናቷ ግን እስከ ዛሬ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ የከብት ሰውዬ» ነው የምትለው።

ፖስታውን ቀደደችው።

«ማርጎት፣ እኔ ሮዊና ነኝ፣ የሃርላን እህት። አንዴ ተያይተናል፤ ያኔም ብዙ አላወራንም። ይሄን የምጽፍልሽ ወድጄሽ አይደለም።

መጋቢት ላይ ሃርላን ወድቆ የአንገቱ አጥንት ተሰነጠቀ። ላንቺ ትከሻዬን ነው ብሎ እንደጻፈልሽ አውቃለሁ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ከደገምክ ወይ አልጋ ነው ወይ መቃብር ብሎታል። ያን ቀን ኮርቻውን ሰቀለ፤ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት መምታት ጀመረ። የፊልሙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ተመልሰው መጥተው መጨረሻውን እንደገና ቀረጹት። ያ ኮርቻውን ሰቅሎ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ታሪክ የወንድሜ ነው። ላንቺ በአፉ መናገር ስላቃተው በፊልሙ ሊነግርሽ ነበር። ለማን ብሎ እንደተወው አንቺ ታውቂዋለሽ።

የጻፍሽውን ነገር ምግብ ቤት ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። እሱ እዚያው ተቀምጦ እንቁላሉን እየበላ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። በማግስቱ ሄዶ ለዚህ ቅዳሜ ሮዲዮ ተመዘገበ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። የጻፍሽው አንቺ ነሽና አንቺ መጥተሽ አጥፊው።»

ማርጎት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የራሷን ጽሑፍ ፈልጋ አወጣችና እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ እየፈራች ተመለከተችው።

ስለዚያ ፊልም ያልጻፈ አልነበረም። የኒውዮርኮቹ ግጥም ነው አሉት። የሎስ አንጀለሶቹ ቀርፋፋ ነው፣ ፈረሶቹ ከተዋናዮቹ ይሻላሉ ብለው ተሳለቁበት። እሷ የፈረስ ግልቢያውን አመስግና፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ሴቶች አጥር ጨብጠው ከመፍራት በቀር ሥራ የላቸውም ብላ ቀልዳ፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ቢላዋዋን አወጣች። ሃርላን በመጨረሻው ደብዳቤው ላይ ፊልሙን እይው፣ በተለይ መጨረሻውን፣ ያኔ ይገባሻል ብሏት ነበር። እሷ እሱን አገኛለሁ ብላ ጓጉታ ጠበቀች። ያገኘችው ግን ሙዚቃ እየተከተለው፣ ፈገግ እያለ፣ ኮርቻውን ሰቅሎ የሚሄደውን ያንኑ መልከ መልካም ተዋናይ ነው። ሃርላን የለበትም። ተናደደች፤ በንዴቷም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እውነተኛ ፈረሰኛ ከኮርቻው የሚለየው በሰው ትከሻ ነው እንጂ በገዛ እግሩ አይደለም።»

አዘጋጁ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለቢሮው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ አንብቦላቸው ነበር። ማርጎት ያን ቀን እስከ ማታ ደስ ብሏት ዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የታተመ ነገር ደግሞ ከአፋፉም ይርቃል። አሁን ያችኑ ዓረፍተ ነገር ስታያት ወረቀቱን በግልባጩ ደፋችው። ቀኑን ሙሉ ወደ ሃርላን ስልክ ደወለች፣ የሚያነሳ አልነበረም። ማታ እናቷ ስትደውል ነገ ወደ ሃርላን እንደምትሄድ ነገረቻት። እናቷ፣ የእንዲህ ያለ ሰው መጨረሻው ይታወቃል አለች። ማርጎት ስልኩን ዘጋችባት፤ እናቷ ክፉ ስለሆነች ሳይሆን እውነቷን እንዳይሆን ስለፈራች ነው።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሰባት ሰዓት ነዳች። ካርሰን ፎርክ ስትደርስ የሮዲዮው ሜዳ በፒካፕ መኪና ተሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የቼሪ ፓይ ይሸጣሉ፤ ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ሣርና ስለ ዝናብ ይከራከራሉ። ማርጎት ያየችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሜዳው በር ላይ የኋላ በሩን ከፍቶ የቆመ አምቡላንስ። በየሮዲዮው እንደሚቆም ታውቃለች። ቢሆንም እንዳታየው ፊቷን አዙራ አለፈች።

ሮዊና አጥሩ ጋ ነበረች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ ወፈር ያለች፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ማርጎትን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና «መጣሽ» አለቻት፤ ሰላምታው ይኸው ነበር። ከዚያ ያለውን ሁሉ በአጭሩ ነገረቻት። ዳኞቹ ጋ ሄዳ ነበር፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ፈርሟል፣ ምን እናድርግ አሏት። በዕጣ የደረሰችው ፈረስ ደግሞ «የእሑድ ጸሎት» የምትባል ዳማ ባዝራ ናት። ስሟን ያወጡላት እላይዋ የወጣ ሁሉ አምላኩን ስለሚጠራ ነው እያሉ ወንዶቹ ይቀልዱባታል። ሮዊና ቀልዱን ስትናገር አልሳቀችም።

«የአባታችንን ነገር ነግሮሽ ያውቃል?» አለቻት።

አደጋ እንደገደለው ማርጎት ሰምታለች። ሃርላን በደብዳቤው ላይ ከአንድ መስመር በላይ ጽፎ አያውቅም።

«አደጋው እዚህ ነው። እዚያ፣ ሦስተኛው በር ፊት ለፊት። ስድስት ወንዶች ተሸክመው አወጡት። ሃርላን አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ኮርቻውን ተሸክሞ ከኋላቸው ሄደ። በሰው ትከሻ ብለሽ አይደል የጻፍሽው?»

ማርጎት ፊልሙ ውስጥ እንዳሉት ሴቶች የአጥሩን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቀረች። ከፍርሃቷ ኀፍረቷ በለጠባት።

ሃርላንን ያገኘችው ፈረሶቹ ወደ ሜዳው ከሚለቀቁባቸው ጋጣዎች ጀርባ ነው። ፈረሰኞቹ ተራቸው እስኪደርስ የሚሰናዱበት ጠባብ ቦታ ነው፤ የጋዜጣ ሰው ነኝ ብላ ነው የገባችው። ኮርቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ እላዩ ተቀምጦ፣ እግሩን እየዘረጋ የእርካቡን ርዝመት ያስተካክላል። ጥላዋ ሲያርፍበት ቀና አላለም። መላ ሰውነቱን ነው ያዞረው፤ አንገቱ ብቻውን አልዞር ብሎት። ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ተነስቶ ባርኔጣውን ነካ አደረገላት። ዓይኖቹ ናፍቀዋት እንደነበር አልደበቁም። ወዲያው ግን ሌላ ቦታ አየ።

«ረጅም መንገድ ነድተሻል።»

«ሮዊና ጻፈችልኝ። ሃርላን፣ እኔ አላወቅኩም። በፍጹም አላወቅኩም።»

«ብታውቂስ ኖሮ?» አላት። «ውሸት ትጽፊልኝ ነበር?»

ማርጎት አፏን ከፈተች። ለወዳጅ ብላ ዋሽታ አታውቅም፤ የምትኮራበትም ይኸው ነበር። አዎ እንዳትለው ራሷን ልትክድ ነው፤ አይ እንዳትለው እሱን ልትገድል ነው። ዝምታዋ ትንሽ ረዘመ፤ እሱም እንደ መልስ ወሰደው።

«አየሽ» አላት፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ጥሩ ጸሐፊ ነሽ። ሌሎቹ ፈረሰኞች በፊልሙ መሀል የፈረሱ መልክ ተቀየረ ብለው ነው የሳቁት። ተዋናዩ ፈረሱ ላይ የሚይዘውን ገመድ ልክ ሳይጠይቅ ጋጣ ገባ ብለው ነው የሳቁት። እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቢቆጣት ትችለው ነበር። ቢሰድባት ትለምነው ነበር። እንደዚያ ረጋ ብሎ ሲያመሰግናት ግን አንድ ነገር ተረዳች። ከእጇ ሊያመልጥ ነው፤ እሷ ደግሞ የምትይዘው ቦታ የላትም።

ኮርቻውን አንስቶ ወደ ጋጣው ሄደ፤ ማርጎት ከኋላው ተከተለችው። ባዝራዋን ከጫኑ በኋላ ሃርላን ወደ ዴል ኦስትራንደር ዞረ። ዴል ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚፎካከረው ፈረሰኛ ነው፤ በዚህ ዓመት የእሑድ ጸሎትን ሁለት ጊዜ የጋለበ እሱ ብቻ ነው። እዚህ አገር አንድ ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም፣ የሚጥሰው ግን የለም። ፈረሰኛው ከፈረሱ ራስ ጋር ታስራ በአንድ እጁ ከሚይዛት ወፍራም ገመድ በቀር መደገፊያ የለውም። ገመዷን ካሳጠራት ፈረሱ አንገቱን ሲደፋ በራሱ ላይ አሽቀንጥሮ ይጥለዋል፤ ካስረዘማት ወደ ኋላ ይወድቃል። ልኩ ለእያንዳንዱ ፈረስ ይለያያል፤ የሚለካውም በጭብጥና በአውራ ጣት ነው። ፈረሱን የጋለበ ሰው ለጠየቀው ሁሉ ልኩን በትክክል ይነግራል። ተፎካካሪው ቢሆን፣ ሚስቱን የቀማው ሰው ቢሆን ይነግረዋል።

«ስንት ልስጣት?» አለ ሃርላን።

ዴል ጓንቱን በቀስታ አወለቀ። «አልነግርህም» አለ።

ከፈረሰኞቹ አንዱ ሲያጠብቅ የነበረውን ቀበቶ እንደያዘ ቀረ።

«ጠየቅኩህ እኮ፣ ዴል።»

«ሰማሁ። በሞትህ እጄን አላስገባም። ልኩን ሳታውቅ ደግሞ እላይዋ አትወጣም፣ አውቅሃለሁ።»

የሃርላን ፊት ነጭ ሆነ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና «እንግዲህ በግምት ነው» ብሎ በጋጣው ብረት ተንጠላጥሎ ባዝራዋ ላይ ወጣ።

ዴል አሸነፍኩ ብሎ አስቦ ነበር፤ ማርጎት ግን እንዳላሸነፈ አየች። ይህ ሰው አይወርድም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው በገዛ እግሩ አይወርድም። አሁን የሚለየው ያለ ልክ መውጣቱ ብቻ ነው። ልታስቆመው የመጣችው ሴት ሮጣ የዴልን ክንድ ያዘች።

«ንገረኝ» አለችው። «ልኩን ንገረኝ።»

«የኔ እመቤት፣ አንቺማ ዝም ብትዪ ይሻልሽ ነበር።»

«ልክ ነህ። ግን አይወርድም። እየው። ገመዱን አሳጥሮ እየያዘ ነው?»

ዴል ዞሮ አየ። መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። ሃርላን ገመዱን ስቦ ሲለካ፣ ምልክት እንዲሆነው ከባዝራዋ ጋማ ነጭቶ ያሰረበትን ቦታ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አጭር ነው» አለ በሹክሹክታ። «አምላኬ፣ በጣም አጭር ነው። አንገቷን እስከ መሬት ነው የምትደፋው። አንድ ጭብጥ ከአውራ ጣት፣ በዚያ ላይ ሁለት ጣት። ሂጂ።»

ማርጎት ከጋጣው ጀርባ ያለውን ሳንቃ ወጣች። ከሥሯ ሃርላን ኮርቻው ላይ ተቀምጧል። ባዝራዋ ብረቱን በጎኗ በመታችው ቁጥር ሳንቃው ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። በድምፅ ማጉያው የሚናገረው ሰው ስሙን እየጠራ ነው፤ የአባቱንም ስም ጨመረበት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በሩን የሚከፍተው ሰውዬ እጁን መዝጊያው ላይ አድርጎ የሃርላንን ባርኔጣ ያያል። ፈረሰኛው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ በሩ ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

«አንድ ጭብጥ ከአውራ ጣት» አለችው። «በዚያ ላይ ሁለት ጣት። አንተ የያዝከው አጭር ነው።»

ገመዱን አየ። «ዴል ነው?»

«ዴል ነው።»

ፈታ አደረገና እንደገና ለካ። እጁ አዲሱ ቦታ ላይ አረፈ። «ሂድ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ብትሄድ በእውነተኛው ልክ እንድትሄድ ነው። ከኔ ያገኘኸው የመጀመሪያው እውነት ይሄ ነው።» አጎነበሰች፤ ከሱ በቀር ሌላ እንዳይሰማት። «ቅድም ጠየቅኸኝ፣ ብታውቂ ኖሮ ትዋሺ ነበር ወይ ብለህ። ዋሽቻለሁ እኮ፣ ሃርላን። ያኔውኑ ነው የዋሸሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር እውነት ስለሆነች አይደለም የጻፍኳት። ስለምታምር ነው። ደጋግሜ አነበብኳትና ራሴን ወደድኩ። ስለ መውረድ እኔ ምን አውቃለሁ? ከምንም ነገር ላይ ወድቄ አላውቅም። በፊልሙ ደስ ያላለኝ ሰውየው መሄዱ አይደለም፤ ፈገግ ብሎ መሄዱ ነው። አንተ ፈገግ ብለህ አልተውከውም። እንደዚያ ብዬ ነበር መጻፍ የነበረብኝ። አልጻፍኩም፤ ያኛዋ ታምር ነበር።»

ሃርላን ፊቱን ወደ በሩ አደረገ። የበሩ ሰውዬ ይጠብቃል። ዳኞቹ ይጠብቃሉ። ሕዝቡም ይጠብቃል። ማርጎት የባርኔጣውን ጠርዝ ብቻ ነው የምታየው። በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ፈርታ አታውቅም። ባዝራዋ ጆሮዋን አስተኛች። የባርኔጣው ጠርዝ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰላትና ዓይኗን ጨፈነች።

የበሩን ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ የሃርላን ነጻ እጅ ብረቱን ጨብጧል። ከዚያ ገመዱን የያዘው እጅ ተከፈተ። አንድ እግሩን ከእርካቡ አወጣ፣ ሁለተኛውን አስከተለ፣ ራሱን ወደ ላይ ሳበ። የበሩ ሰውዬ ግራ ተጋብቶ ዳኞቹን አየ። ዳኛው እጁን አወዛወዘ፣ በሩ ተከፈተ፣ የእሑድ ጸሎትም ሰው የሌለበትን ኮርቻ ይዛ ወጣች። በመጀመሪያው ዝላይ አንገቷን እስከ መሬት ደፋች። ሕዝቡ ሁሉ አየው።

ማንም አላጨበጨበም። ከመቀመጫዎቹ አንዱ ጎረምሳ «ፈሪ» ብሎ ጮኸ። ከአጥሩ ጋ የሮዊና ድምፅ ተሰማ፤ «ፈሪ ለእናቱ ነው፤ እናት ከሌለው ለኔ ነው» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ሃርላን ከሳንቃው ወረደ። ከጋጣው ጀርባ፣ አቧራው ላይ ቁጭ አለ። ማርጎት አጠገቡ ተንበረከከች። ዴልና ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩላቸው፤ በዚያ አገር ለሰው የሚሰጥ ትልቁ ክብር ይኸው ነው።

ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር፤ በነሐሴ ሙቀት። «ፈርቼ ነበር» አላት። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም። «ከመጋቢት ጀምሮ እፈራለሁ፣ ማርጎት። ፈረስ ብቻ መሰለሽ? ጫማዬን ለማድረግ ጎንበስ ስል እፈራለሁ። ማስነጠስ እፈራለሁ። ላንቺ ልነግርሽ እፈራ ነበር።»

ልታቅፈው እጇን ዘረጋችና ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው። የቱ ጋ እንደምትይዘው አላወቀችም። ትከሻውን ብትይዝ ታሳምመው ይሆናል፤ ወደሷ ብትስበው ትሰብረው ይሆናል። ያኔ ገባት። ዛሬ አልሞተም ማለት ፍርሃቱ አለቀ ማለት አይደለም። ነገም ሲያስነጥስ ትፈራለች፣ ከነገ ወዲያም ደረጃ ሲወጣ ትፈራለች፤ ከእንግዲህ የሷም ፍርሃት ነው።

ሃርላን በአየር ላይ የቀረውን እጇን አየ። በገዛ እጁ ያዘውና ከአንገቱ ጀርባ፣ አጥንቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ አኖረው። ከዚያ ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ጣለ፤ ክብደቱን ሁሉ መዳፏ ላይ።

«አትልቀቂኝ» አላት።

አልለቀቀችውም። እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱም እየተሰማው ዓይኑን ጨፈነ።